የልጄ ስም ከመዝገብ ይሰረዝልኝ

በሕይወቴ ብዙ ማመልከቻ ጽፌያለሁ። የዝውውር፣ የደረጃ ዕድገት፣ የቤት መሥሪያ ቦታ፣ የቀረ የለም። እንደዚያኛው አሳምሬ የጻፍኩት ግን የለም። አንድ ገጽ ሙሉ፣ ኅዳግ የተጠበቀለት፣ ከላይ ቀኑ፣ ከታች ፊርማዬ። መሐል ላይ ደግሞ ሁለቴ ደምቆ የተጻፈ፦ «ጉዳዩ፦ የልጄ ስም ከክትትል መዝገብ እንዲሰረዝልኝ ስለመጠየቅ።» የጻፍኩት ለሆስፒታል ነው። የጠየቅኩትም ነርሶቹ የልጄን ጆሮ መከታተል እንዲያቆሙ ነው። አዎ፣ በትክክል አንብባችኋል።

ያን ጊዜ ሻንቶ ከተማ የሒሳብ መምህር ነበርኩ። አሁንም ነኝ። ስሜ ማርቆስ ይባላል። ሥራዬ ሒሳብ ይሁን እንጂ የማላውቀው ነገር አልነበረም። የመሬት ክርክር ቢነሳ ፍርዱ እኔ ጋ አለ። ቤተ ክርስቲያን ጥቅስ ቢጠቀስ ሰባኪው ሳይጨርስ እኔ እጨርስለታለሁ። ሐኪም መድኃኒት ቢያዝ ወረቀቱን ገልብጬ አይና «ይቺኛዋ እንኳ አታስፈልግም» እላለሁ። እንዲህ ያለ ሰው በየመንደሩ አለ። እኛ መንደር የለም የምትሉ ካላችሁ፣ እናንተው ራሳችሁ ትሆናላችሁና እዩት።

ልጃችን ቤቴል ሁለት ወር ያህል ቀድማ ነው የተወለደችው። ሶዶ ካሉት ሆስፒታሎች በአንዱ፣ የጨቅላ ሕፃናት ክፍል ውስጥ አምስት ሳምንት ቆየች። አፍንጫዋ ላይ ኦክስጅን፣ እጇ ላይ መርፌ። ደሟ ውስጥ ኢንፌክሽን ገብቶ ጠንካራ መድኃኒት በላይ በላዩ ተሰጣት። ባለቤቴ አማረች ያን ሁሉ ቀን ወንበር ላይ አደረች። እኔም ቅዳሜ ቅዳሜ እየሄድኩ ነርሶቹን ስለ ኦክስጅን አስተምራቸው ነበር። እንዴት እንደቻሉኝ እግዚአብሔር ይወቅ።

ልንወጣ ስንል ሲስተር መሠረት የምትባል ነርስ ትንሽ መሣሪያ ይዛ መጣችና የቤቴል ጆሮ ውስጥ ሰካች። ትንሽ ጠብቃ ወረቀት ሰጠችን። በሁለቱም ጆሮ «አልፋለች» ይላል። ልቤ ቅቤ ጠጣ።

«አሁን ትሰማለች» አለች ሲስተር። «ግን ያለ ጊዜያቸው የተወለዱ፣ ኦክስጅን ላይ የቆዩ፣ ይሄን መድኃኒት የወሰዱ ልጆች በኋላ መስማታቸው ቀስ እያለ ሊቀንስባቸው ይችላል። በሁሉም ላይ አይደርስም። በማን ላይ እንደሚደርስ ግን አስቀድመን አናውቅም። ስለዚህ በሦስት ወሯ፣ በስድስት ወሯ፣ በዘጠኝ ወሯና በዓመቷ አምጡልን።»

«ሲስተር፣ ያለፈ ተማሪ ድጋሚ ይፈተናል እንዴ?» አልኳት።

ፈገግ እንኳ አላለችም። «ይሄ እንደናንተ ፈተና አይደለም፣ የቤቴል አባት» አለችኝ። እኔ ግን በዚያች ቀልድ መንገዱን ሙሉ ስስቅ ነው የገባሁት። ወረቀቱንም ከዲግሪዬ ጋር በአንድ ክላሰር አስቀመጥኩት።

በሦስት ወሯ ወሰድናት፣ አሁንም አለፈች። ለእኔ ጉዳዩ እዚያ ላይ ተዘጋ። በስድስት ወሯ ሲደውሉ ፈተና እያረምኩ ነው አልኩ። በዘጠኝ ወሯ ሲደውሉ አላነሳሁም፤ ቁጥሩን ስልኬ ላይ «ጆሮዎች» ብዬ መዝግቤው ስለነበር ማን እንደሆነ አውቃለሁ። አማረች ላይ ሲደውሉባት ደግሞ «እኔ እነግራቸዋለሁ» ብዬ አስቆምኳት። ምንም አልነገርኳቸውም።

አማረች ግን ማየት ጀምራ ነበር። አንድ ቀን ከጓሮ ቦዬ የሚባለውን ሥራሥር ነቅላ ስትገባ ልጅቷ ጀርባዋን ሰጥታ ተቀምጣለች። ጠራቻት። ዝም። ደግማ ጠራቻት። ዝም።

«ማርቆስ፣ ይቺ ልጅ ስጠራት አትዞርም እኮ።»

«ጠግባ ነው» አልኳት። «ጨዋታ ይዛለች። እኔም ልጅ ሆኜ እንደዚሁ ነበርኩ ይላሉ።»

«ቃልም አላወጣችም። የጎረቤታችን ልጅ በእሷ ዕድሜ እናቷን ትጣራለች።»

«አጎቴ በአራት ዓመቱ ነው አፉን የፈታው። ዛሬ ማን ያስቆመዋል?»

ከዚያም፣ የሳይንስ ሰው ነኝና፣ የራሴን ምርመራ ጀመርኩ። ጠዋት ጠዋት ቤቴል ጓዳ አልጋ ላይ ተቀምጣ ስትጫወት በሩ ላይ እቆምና ትሪ በማንኪያ እመታለሁ። ትዞራለች። በማግስቱ እመታለሁ፣ ትዞራለች። አማረችን ጠርቼ አሳያታለሁ። «ይኸው» እላታለሁ። እሷም አይታ ዝም ትላለች። ዝም ያለችው ያመነችኝ መስሎኝ ነበር።

ሲስተር መሠረት ግን የምትለቅ ሴት አልሆነችም። ቤቴል ዓመት ሊሞላት ሲል፣ ከየት እንዳገኘችው እንጃ፣ የርዕሰ መምህራችን ስልክ ላይ ደወለች። እሱም የመምህራን ማረፊያ ክፍል መጥቶ፣ ሰው ሁሉ ባለበት፣ «መምህር ማርቆስ፣ ሆስፒታሉ የልጅህን ጆሮ ይፈልጋል» አለ። ክፍሉ በሳቅ ፈረሰ። ሰው ሆኜ እንዲህ ተዋርጄ አላውቅም። ያን ዕለት ከሰዓት ክፍል አልገባሁም። ቁጭ ብዬ ያቺን ማመልከቻ ጻፍኩ።

ሐሙስ ጠዋት አማረችንና ቤቴልን ይዤ ሚኒባስ ተሳፈርኩ። ስሟ እንዲሰረዝ የሚፈልግ ሰው ልጅቷን ለምን ይዟት ይሄዳል ብትሉ፣ ለማስረጃ ነው። ነርሷ ፊት አስቁሜ፣ አስጠርቼ፣ አሳፍሬያት ልመለስ። መንገድ ላይ አጠገቤ ለተቀመጡት ሽማግሌ ሐኪሞች ሥራ ሲጠፋቸው በጤነኛ ልጅ ላይ በሽታ እንደሚፈልጉ አስረዳኋቸው። ሽማግሌውም አንገታቸውን እየነቀነቁ ሰሙኝ። አማረች ሶዶ እስክንደርስ ፊቷን ወደ መስኮቱ እንዳዞረች ነው።

ከመናኸሪያው በባጃጅ ሆስፒታል ደረስን። ኮሪደሩ ላይ እናቶች ልጆቻቸውን አቅፈው አግዳሚው ላይ ተደርድረዋል። እኔ ወረፋ አልያዝኩም። የመጣሁት ለሕክምና ሳይሆን ለአስተዳደር ጉዳይ ነው ብዬ ደረቴን ነፍቼ ገባሁ።

ሲስተር መሠረት ማመልከቻዬን ተቀበለችኝ። ቆማ፣ ከቀኑ እስከ ፊርማው አነበበችው። ትቆጣለች ብዬ ተዘጋጅቼ ነበር፣ አልተቆጣችም። ወንበር ስባ አማረችን አስቀመጠችና ወደ እኔ ዞረች።

«ቁጥር ሁለት ላይ ‹በቤት ውስጥ በተደጋጋሚ ባደረግኩት ምርመራ› ይላል። እንዴት ነው ያደረጉት?»

የጠበቅኩት ጥያቄ ነበር። ትሪውን፣ ማንኪያውን፣ ድግግሞሹን አብራራሁላት። በሁለት ሳምንት አንድም ቀን እንዳልሳተች ነገርኳት።

«እሷ የት ተቀምጣ?»

«አልጋ ላይ። ጀርባዋን ሰጥታ።»

«እርስዎስ?»

«በሩ ላይ ቆሜ።»

«ክፍሉ መስኮት አለው?»

«የለውም። ብርሃን የሚገባው በበሩ ነው።» ይህን ስል ምን እንደተናገርኩ ልብ አላልኩም። ሲስተር ግን ልብ ብላለች።

«እሺ፣ እዚህም ያሳዩኝ» አለች። «ካለፈች አሁኑኑ እርስዎ ፊት ስሟን እሰርዛለሁ።»

አማረች ቤቴልን ጭኗ ላይ አስቀመጠች፤ ፊታቸው ወደ ግድግዳው። ሲስተር አንድ ቀለበት የሚመስል የላስቲክ መጫወቻ ለልጅቷ ሰጠቻት። እኔን ደግሞ ከኋላቸው፣ ለምርመራ የሚጋረደው ጨርቅ ጀርባ አቆመችኝ። አማረችን «አንቺ አትንቀሳቀሺ፣ ዞረሽም አትዪ» አለቻት። ከዚያ በጣቷ ምልክት ሰጠችኝ።

«ቤቴል» አልኩ፣ በጨዋ ሰው ድምፅ።

በጨርቁ ጠርዝ አሾልኬ አየሁ። መጫወቻዋን እያገላበጠች ነው።

«ቤቴል» አልኩ፣ ከፍ አድርጌ። ምንም የለም። ጨዋታ ይዛለች፣ አልኩ በሆዴ። ስድሳና ሰባ ተማሪ ባለበት ክፍል የመጨረሻው ዴስክ ድረስ የሚሰማ ድምፅ አለኝ። እሱን አወጣሁት። «ቤቴል!»

አማረች ደነገጠች፣ ትከሻዋ ሲዘል አየሁ። በሩ ተከፈተና ጥበቃው አንገቱን አስገብቶ «ምን ሆናችሁ?» አለ። ከኋላው ኮሪደሩ ላይ የተቀመጡት እናቶች ሁሉ ዞረዋል። የአንዷ ሕፃን ከእንቅልፉ ባንኖ ማልቀስ ጀመረ። በዚያ ሁሉ ሰው መሐል ያልዞረች አንዲት ልጅ ብቻ ናት። እሷም የላስቲኩን ቀለበት አፏ ውስጥ አስገብታ ታኝካለች።

ድጋሚ ጠራኋት። ስንቴ እንደጠራኋት አላውቅም። ሲስተር መጥታ ክንዴን ያዘችኝና «ይበቃል» አለች። ጨርቁን ገልጣ አወጣችኝ። መስኮቱ ከጀርባዬ ነበር። አንድ እርምጃ ስራመድ ጥላዬ ከፊታቸው ያለው ግድግዳ ላይ ወደቀ። ቤቴል ወዲያው ዞራ አየችኝና ሳቀችልኝ።

ያኔ ገባኝ። ጠዋት ጠዋት በሩ ላይ ስገተር ክፍሉ ይጨልማል። ልጄ የምትዞረው አባቷ ብርሃኑን ስለከለለባት ነው። ያ ሁሉ ትሪ ለጎረቤት ነበር የሚሰማው። ሁለት ሳምንት ሙሉ የመረመርኩት የልጄን ዓይን ነው። የሒሳብ መምህር ነኝ እያልኩ፣ የሰባተኛ ክፍል ልጅ የማይሠራውን ስሕተት ሠርቼ፣ ለዚያውም በጽሑፍ አድርጌ ፈርሜበታለሁ።

ከዚያ በኋላ ያለው ረጅም ነበር። ለመሣሪያው ልጅቷ መተኛት አለባትና አማረች አጠባቻት። እስክትተኛ አንድ ሰዓት ያህል ጠበቅን። ሲስተር ያን ትንሽ መሰኪያ ቀኝ ጆሮዋ ውስጥ አስገባች። ጠበቀች፣ አወጣች፣ ድጋሚ አስገባች። ግራውንም እንደዚሁ። እኔ ከፊቷ ለማንበብ እየሞከርኩ ነበር። በሕይወቴ ለመጀመሪያ ጊዜ ለማንም ምንም ሳላስረዳ ቆምኩ።

«በሁለቱም አላለፈችም» አለች።

ሐኪም ተጠርቶ ጆሮዋን በመብራት አየ። ኩክ ይሆናል፣ ጉንፋን ያመጣው ፈሳሽ ይሆናል ብዬ ተስፋ አድርጌ ነበር። ሁለቱም አይደለም አለ። ለተሟላ ምርመራ ሐዋሳ ሪፈር ጻፈልን። በኋላ እዚያ ተኝታ ራሷ ላይ ሽቦ ለጥፈው ሲመረምሯት የተባለው ያው ነው፤ ሲስተር ያለችው አልተለወጠም።

«በስድስት ወሯ ባመጣት ኖሮስ?» አልኳት ሲስተርን።

መዝገቡን ገልጣ አሳየችኝ። የቤቴል ስም ትይዩ የሦስት ወሩ ሳጥን ተሞልቷል። የስድስት ወሩ ባዶ። የዘጠኝ ወሩ ባዶ። ከጎኑ «ተደውሏል፣ አልተነሳም» የሚል በእስክሪብቶ አምስት ቦታ ተጽፏል።

«በስድስት ወሯ እንዴት እንደነበረች እኔ አላውቅም» አለች። «አላየናትማ። የምንከታተለው መቀነስ የጀመረበትን ጊዜ ለመያዝ ነው። ምናልባት ያኔ ገና ትሰማ ነበር። ምናልባት ያኔ አውቀን የመስሚያ መሣሪያ አድርጋ፣ ዛሬ አንድ ሁለት ቃል ይኖራት ነበር። አሁን ያለፈውን ትተን ከዛሬ እንጀምር።»

ብትሰድበኝ ይሻለኝ ነበር። ማመልከቻዬን ከጠረጴዛው አንስታ «ይሄን ላስገባው ወይስ ይወስዱታል?» አለችኝ። ስትቀልድ አልነበረም፤ ለሥራዋ ነው የጠየቀችው። ተቀብዬ ኪሴ ከተትኩት።

ኮሪደሩ ላይ አማረች አግዳሚ ላይ ተቀመጠች። ቤቴል ደረቷ ላይ ተኝታለች። አጠገቧ ተቀመጥኩና የሆነ ነገር ልናገር አፌን ከፈትኩ። ምን ልል እንደነበር አሁን አላስታውስም፤ ማብራሪያ እንደሚሆን ግን እርግጠኛ ነኝ።

«ስጠራት ዝም ስትለኝ እጇን መትቻታለሁ» አለች አማረች፣ እኔን ሳታይ። «ሁለት ቀን። ጠግባ ነው ስትለኝ ሥርዓት ላስይዛት ብዬ። ዓይን ዓይኔን እያየች ነው ያለቀሰችው። ለምን እንደመታኋት አልገባትም ነበር።»

አስተማሪ ነኝ፤ በዕድሜዬ ብዙ ልጅ ለምን እንደተቀጣ ሳይገባው ሲያለቅስ አይቻለሁ፣ አንዱም እንደዚያ አላመመኝም። አማረች አለቀሰች፣ እኔም አለቀስኩ። በእኔ ጩኸት ልጇ የባነነባት እናት ከአግዳሚው ጫፍ ሆና ታየን ነበር።

ቤቴል ዛሬ ሦስት ዓመት ሊሞላት ነው። ሁለት ጆሮዎቿ ላይ የመስሚያ መሣሪያ አለ። ቃል ታወጣለች፤ የዕድሜ እኩዮቿ ግን ወሬ ሲያወሩ እሷ ገና ቃል በቃል ናት። ያጠፋሁባት ወራት በጸሎትም በይቅርታም አልተመለሱም። ሳምንት ሳምንት የንግግር ልምምድ እንሠራለን። በአንድ ቃል ላይ ወር እንቆያለን።

ሰው ምን አለ ትሉኛላችሁ? ሰውማ መቼ ያጣል። አንዱ «የመመርመሪያው ማሽን ነው ያደነቆራት፣ ባትሰኩባት ኖሮ ይሄ አይደርስም ነበር» አለኝ። ይህን ያለኝ የባዮሎጂ መምህር ነው። ሌላው የዘር ነው አለ። ሌላዋ መሣሪያውን አውልቁላት፣ ልጅ ያስጠላል አለች። ሁሉንም እሰማለሁ። ከመካከላቸው እንደ ድሮው ማርቆስ ያለ ደደብ አላገኘሁም። እነሱ ቢያንስ የማያውቁትን በቃል ነው የሚያወሩት፤ ጽፈው፣ ፈርመው፣ ወደ ሆስፒታል ይዘው አይሄዱም።

እናንተ የምታነቡኝ፣ ልጃችሁ ከጨቅላ ሕፃናት ክፍል ወጥቶ ከሆነ፣ የተሰጣችሁ ወረቀት የዚያን ቀን ወረቀት ነው። የዚያን ቀን ሰምቷል ማለት ነው። ከዚያ በላይ ምንም አይልም። ነርሷ የምትደውለው ሥራ ጠፍቷት አይደለም። ስልኩን አንሱት። በትሪና በማንኪያ ሐኪም አትሁኑ።

አንድ ነገር ልጨምርና ላብቃ። ከዚያ ሐሙስ በኋላ ባለው ቀጠሮ ቀን ከትምህርት ቤት ስመለስ ቤቱ ተቆልፏል። አማረች ጋ ደወልኩ።

«ሶዶ ነን» አለችኝ። «ሲስተር ጋ። እየጨረስን ነው።»

«ሳትነግሪኝ ሄድሽ?»

ከኋላዋ የሕፃናት ድምፅ ይሰማኛል።

«ብነግርህ ምን ልትለኝ ነበር?»

እሺ ነበር የምላት። እግዚአብሔር ያውቃል፣ በዚያን ቀን እሺ ነበር የምላት። ግን ዓመት ሙሉ እሺ ብዬ አላውቅም፤ ታዲያ ምን ብላ ትመነኝ? ስልኩን ዘግቼ ደጃፉ ላይ ቁጭ ብዬ እስኪመጡ ጠበቅኳቸው።

እናንተ እናቶች፣ ቤታችሁ ውስጥ እንደኔ ያለ ሁሉን አዋቂ ካለ አትጠይቁት። እቤት ትታችሁት ልጃችሁን ይዛችሁ ሂዱ። ስትመለሱ ደጃፉ ላይ ተቀምጦ ታገኙታላችሁ፣ የትም አይሄድም።